ድንጋዩን ያዩ፣ ሰውን ያላዩ፤ የጓቴማላ ጐብኚዎች ታሪክ

ወደ ጓቴማላ የሚሄድ ጐብኚ የሚያያቸው ነገሮች ገና ከቤቱ ሳይነሣ የተቈጠሩና የተወሰኑ ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በሰሜን፣ በፔቴን ጫካ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ብቅ ብለው የሚታዩት የቲካል ቤተ መቅደሶች፤ በደጋው አገር በሦስት እሳተ ገሞራዎች ግርጌ የተኛው የአቲትላን ሐይቅ፤ በ1773 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የፈራረሱት የአንቲጓ አብያተ ክርስቲያናት፤ ሐሙስና እሑድ የሚቆመው የቺቺካስቴናንጎ ገበያ፤ እነዚህ አራቱ ከጉዞ መርሐ ግብሩ የሚቀሩ አይደሉም። ጐብኚው ወደ አገሩ ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል፤ የጥንት ድንጋይ ፎቶግራፍና የዛሬ ጨርቅ። ድንጋዩን ጠርበው ያቆሙት እጆችና ጨርቁን የሠሩት እጆች የአንድ ሕዝብ፣ የማያ ሕዝብ፣ እጆች መሆናቸውን ግን ሁሉም ልብ አይለውም። ማያዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በጫካ ውስጥ የጠፉ፣ ዝናቸው እንጂ ዘራቸው ያልቀረ ሕዝብ ይመስሉታል።

ይህ ስሕተት በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ጓቴማላን ያዩ እንግዶች ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያስተላልፉት የመጣ፣ የራሱ ታሪክ ያለው ስሕተት ነው። ታሪኩንም ለመረዳት እንግዶቹ ማን እንደ ነበሩ፣ በማን መርከብ እንደ መጡና ምን ይዘው እንደ ሄዱ መመርመር ያስፈልጋል።

የመነኵሴው መንገድ

አገሪቱ ከ1524 ጀምሮ በፔድሮ ዴ አልቫራዶ በተመራው የእስጳንያ ጦር ከተወረረች በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ለባዕድ ዓይን የተዘጋች ነበረች። የእስጳንያ ነገሥታት በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው የሌላ መንግሥት ዜጋ እንዳይዘዋወር ይከለክሉ ነበር። ብሩ የሚጫንበትን ወደብና ምሽጉ የላላበትን ጠረፍ ባላንጣ እንዳያውቅባቸው ይሠጉ ነበርና።

ይህን አጥር ሾልከው ከገቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ቶማስ ጌጅ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ጌጅ የዶሚኒካን ማኅበር መነኵሴ ሆኖ በ1625 ሜክሲኮ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ጓቴማላ ተሻግሮ ዐሥር ዓመት ያህል ኖረ። ሚክስኮና ፒኑላ በተባሉት የተወላጆች መንደሮች ቄስ ሆኖ ሲያገለግል የሕዝቡን ቋንቋ ተማረ፤ በየበዓሉ ለቅዱሳን ከሚቀርበው መባም ለራሱ ብዙ ገንዘብ አጠራቀመ። በ1637 ተሰውሮ ወጣና ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እምነቱንም ለውጦ በ1648 በሎንዶን የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ ስለ ገበያው፣ ስለ ምግቡና ስለ ቸኮላታው ብዙ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መንገዱ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ከተማው ምን ያህል ጠባቂ እንዳለው፣ ተወላጁ ሕዝብ በእስጳንያዊው ጌታው ምን ያህል እንደ ተማረረ ይዘረዝራል። የዚህም ዝርዝር ዓላማ አገሩ በቀላሉ ሊያዝ እንደሚችል ለእንግሊዝ ማሳየት ነበር። ኦሊቨር ክሮምዌል በ1654 መጨረሻ መርከቦቹን ወደ ካሪብ ባሕር ሲልክ ጌጅ ካህን ሆኖ አብሮ ዘመተ፤ ጦሩ ጃማይካን ከያዘ በኋላም በ1656 እዚያው ሞተ።

እንግዲህ ስለ ጓቴማላ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የጉዞ መጻሕፍት ቀደምት የሆነው ይህ መጽሐፍ የበሩን ስፋት የሚለካ ሰው መጽሐፍ ነበር ማለት ነው። ጌጅ ሕዝቡን አይቶታል፤ ቋንቋውንም ያውቅ ነበር። ያየው ግን መባ የሚሰጥ እጅና ለወራሪ የሚመች ቅሬታ አድርጎ ነው።

ሐምሳ ዶላር የተከፈለበት ከተማ

በ1821 መካከለኛው አሜሪካ ከእስጳንያ ነፃነቱን ሲያውጅ የተዘጋው በር ተከፈተ። ከገቡትም መንገደኞች መካከል የዓለምን ዓይን ወደዚያ የመለሰው ጆን ሎይድ ስቲቨንስ የተባለው የኒው ዮርክ የሕግ ጠበቃ ነው። ስቲቨንስ ቀደም ሲል ግብጽንና ዐረብን ጐብኝቶ በጻፈው መጽሐፍ ስም አትርፎ ነበር። በ1839 ፕሬዚዳንት ቫን ቢውረን ወደ መካከለኛው አሜሪካ ፌዴሬሽን መልእክተኛ አድርገው ሾሙት። ፌዴሬሽኑ ግን በእርስ በርስ ጦርነት እየፈረሰ ስለ ነበረ መልእክተኛው የሹመት ደብዳቤውን የሚቀበለው መንግሥት ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተት ከረመ። ከእርሱ ጋር የነበረው የሥነ ሕንጻ ባለሙያ፣ እንግሊዛዊው ፍሬዴሪክ ካዘርውድ፣ የግብጽንና የኢየሩሳሌምን ሐውልቶች በመሣል የተካነ ሰው ነበር።

ሁለቱ መንገደኞች በጥቅምት 1839 ከኒው ዮርክ ተነሥተው በቤሊዝ በኩል ገቡ፤ ጭቃና ገደል የሞላበትን የሚኮ ተራራ በበቅሎ ተሻገሩ፤ በኅዳር ወር ዛሬ ከጓቴማላ ድንበር ጥቂት አለፍ ብሎ በሆንዱራስ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ኮፓን ደረሱ። ዛፍ የበቀለባቸው ደረጃዎች፣ ሰው የሚያካክሉና ከሰው የሚበልጡ፣ ፊታቸው የነገሥታት ጎናቸው ደግሞ በማይታወቅ ፊደል የተሞላ ሐውልቶች አገኙ። ካዘርውድ እግሩ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ከትንኝ ለመዳን እጁን በጓንት ሸፍኖ መሣል ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ግን አልሆኑለትም። ጥበቡ ከዚያ በፊት ካያቸው ከግብጽም ከግሪክም ሥራዎች ጋር የማይዛመድ ስለ ሆነ ዓይኑ እስኪለምደው ጊዜ ፈጀበት። ስቲቨንስ ደግሞ የቦታውን ባለይዞታ አነጋግሮ ፍርስራሹን በሐምሳ ዶላር ገዛ። ሐሳቡ ሐውልቶቹን በወንዝ አውርዶ፣ በመርከብ ጭኖ ኒው ዮርክ ላይ ቤተ መዘክር ማቆም ነበር። በዚያው ጉዞ ካዘርውድ በጓቴማላ የኪሪጓን ሐውልቶች አየ፤ ስቲቨንስም እነርሱን ለመግዛት ድርድር ቢጀምር ባለቤቱ ዋጋውን ስለ ሰቀለው ሳይሆን ቀረ።

በ1841 የታተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉ ብዙ አንባቢ አገኘ። የመጽሐፉ ታላቅ ፍሬ ነገር ከጀብዱው ይልቅ በመደምደሚያው ላይ ይገኛል። በዚያ ዘመን ብዙ ጸሐፊዎች እነዚህን ሕንጻዎች የሠሩት ግብጻውያን፣ ፊንቃውያን ወይም የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ናቸው ይሉ ነበር፤ የአገሩ ተወላጅ ይህን የመሰለ ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚል ንቀት ነበረባቸውና። ስቲቨንስ ግን ግብጽን በዓይኑ ያየ በመሆኑ፣ ይህ የግብጽ ሥራ አይደለም፤ ሠሪዎቹ እዚሁ አገር የነበሩ፣ የዛሬዎቹ ተወላጆች አባቶች ናቸው ሲል ፈረደ። ፍርዱ ትክክል መሆኑን ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርምር ሁሉ አረጋግጧል።

ይሁንና ይህን የጻፈው ብዕርና ሐምሳውን ዶላር የከፈለው እጅ የአንድ ሰው ናቸው። ሐውልቶቹ የተወላጆቹ አባቶች ሥራ ከሆኑ ወራሾቹ እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ አልተነሣም። ከዚያም ወዲህ የመጡ ጐብኚዎች ሐውልቱን እያደነቁ ወራሹን ማለፍ ልማድ አደረጉት።

ወደ ውጭ የተጓዙ ጉበኖችና መጽሐፍ

ስለ ቲካል ሲነገር "ጫካ ውስጥ ጠፍታ የተገኘች ከተማ" ማለት የተለመደ ነው። አካባቢው ግን በውስጡ ከሚኖሩት ሰዎች ጨርሶ ጠፍቶ አያውቅም። በ1848 የፔቴን ገዥ የነበረው ሞዴስቶ ሜንዴስ ወደ ቲካል የሄደው የተወላጆቹ ሹም ከነበረው ከአምብሮሲዮ ቱት ጋር ሲሆን፣ አብሮት የሄደው ሠዓሊ ኤውሴቢዮ ላራም ሐውልቶቹን ሥሏል። የጉዞው ዘገባ በ1853 በርሊን ላይ ታተመ። ዘገባው ራቅ ወዳለ አገር በደረሰ ጊዜ ዘራፊና ሊቅ ተከታትለው መጡ፤ አንዳንዴም ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነበር። በ1877 ጉስታቭ ቤርኑሊ የተባለው የስዊስ ሐኪም ቲካልን ጐበኘ፤ ከቤተ መቅደሶቹ በሮች በላይ የነበሩት፣ በስምንተኛው መቶ ዓመት ከሳፖዲያ እንጨት የተቀረጹት ጉበኖችም በእርሱ አሳብ ተነቅለው ወደ ባዝል ከተማ ተላኩ። ዛሬም እዚያው ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛሉ። ከሺህ ዓመት በላይ የጫካውን እርጥበትና ምስጥ የቻለ እንጨት የአንድ መንገደኛን አድናቆት አልቻለም።

በእርግጥ መንገደኛው ሁሉ እንዲህ አልነበረም። ከ1881 ጀምሮ ወደ አገሪቱ የተመላለሰው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሞድስሌይ ብዙ ጊዜውን ያዋለው ሐውልቶቹን ፎቶግራፍ በማንሣትና ቅርጻቸውን በወረቀትና በጄሶ በመቅዳት ነው። እርሱም ቢሆን በወንዙ ማዶ ከሚገኘው ከያሽቺላን የተቀረጹ ጉበኖችን ወደ ሎንዶን አሻግሯል፤ ሆኖም የቀዳቸው ጽሑፎች፣ በኋላ እንደሚታየው፣ ለንባብ በር ከፋች ሆኑ።

ከድንጋይና ከእንጨት ሌላ መጽሐፍም ተጉዟል። ከ1701 እስከ 1703 ባለው ጊዜ የቺቺካስቴናንጎ ቄስ የነበሩት አባ ፍራንሲስኮ ሒሜኔስ የኪቼ ማያ ሕዝብ ስለ ዓለም አፈጣጠርና ስለ ነገሥታቱ የሚተርክበትን ፖፖል ቩ የተባለውን መጽሐፍ በኪቼ ቋንቋ ገልብጠው፣ በአንጻሩ የእስጳንያኛ ትርጕም ጻፉበት። አባ ሒሜኔስ የገለበጡበት የመጀመሪያው ጽሑፍ የደረሰበት አይታወቅም። የእርሳቸውን ግልባጭ ደግሞ ፈረንሳዊው ቄስ ብራሰር ደ ቡርቡር ወደ ፓሪስ ወሰዱት፤ በ1861ም አሳተሙት። በመጨረሻ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ቺካጎ በሚገኘው የኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በቺቺካስቴናንጎ ገበያ የሚዘዋወረው እንግዳ የጥንት ሃይማኖት ቅሬት ለማየት ከእጣኑ ጢስ መካከል ይቆማል፤ የዚያው ከተማ መጽሐፍ ግን ምናልባት ለእንግዳው ቤት ይቀርብ ይሆናል።

ቡናና ሙዝ ያመጧቸው ጐብኚዎች

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የጓቴማላን ኑሮ የለወጠው ቡና ነው። ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደኖች ተነሥቶ፣ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ይህ ተክል በጓቴማላ ተዳፋቶች ላይ ተስማሚ አፈርና አየር አገኘ። ነገር ግን በ1871 ሥልጣን የያዙት ሊበራሎች፣ በተለይም ጄኔራል ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ፣ ቡናውን ያስፋፉት የተወላጆቹን የወል መሬት ለግል ባለሀብት በማስተላለፍ ነበር። በ1877 የወጣው የሠራተኞች ደንብም የደጋው ገበሬ በትእዛዝና በዕዳ ተይዞ ወደ ቡና እርሻ እንዲወርድ አደረገ።

በ1875 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ጓቴማላ የመጣው በዚህ ለውጥ መካከል ነው። የላከው የፓሲፊክ የመርከብ ኩባንያ ነበር፤ ዓላማውም ለጭነትና ለመንገደኛ ገበያ ማግኘት ነው። በሥዕሎቹ ላይ የተስተካከለው የቡና ተክል፣ ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች፣ የፈራረሱት የአንቲጓ አብያተ ክርስቲያናት አምረው ይታያሉ። ለቃሚዎቹ በምን ዓይነት ትእዛዝ ከመንደራቸው እንደ መጡ ግን ከሥዕሎቹ ላይ አይነበብም። የአገር ጐብኚ ሥዕል፣ የማስታወቂያና የንግድ ሥዕል በዚህ ጊዜ አንድ ላይ ተወለዱ።

ከቡናው ቀጥሎ ሙዝ መጣ። በ1899 የተቋቋመው የዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ በካሪብ ጠረፍ ሰፊ መሬት ያዘ፤ ከዋና ከተማው እስከ ፑዌርቶ ባሪዮስ ወደብ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድም በ1908 ተፈጸመ። የኩባንያው መርከቦች ሙዙ በሙቀት እንዳይበስል ነጭ ቀለም የተቀቡ ስለ ነበሩ "ታላቁ ነጭ የመርከብ ጓድ" ይባሉ ነበር። ሲሄዱ መንገደኛ፣ ሲመለሱ መንገደኛም ሙዝም ይጭናሉ። ኩባንያው በ1910 ዓመት ግድም ኪሪጓ የሚገኝበትን መሬት ገዝቶ ጫካውን ለሙዝ ሲመነጥር በሐውልቶቹ ዙሪያ ያለውን ቁራሽ ደን ለመናፈሻ ተወው፤ ለቁፋሮውም ገንዘብ ሰጠ። በዚህ አኳኋን አንድ ሰሜን አሜሪካዊ ጐብኚ በኩባንያው መርከብ ተሳፍሮ፣ ከኩባንያው ጋር በተሳሰረው ባቡር ተጉዞ፣ በኩባንያው እርሻ መካከል፣ በኩባንያው ይዞታ የቆመ የማያ ንጉሥ ሐውልት ያያል።

ያ ሐውልት ተራ ሐውልት አይደለም። በ771 የቆመው ይህ የኪሪጓ ድንጋይ ከሥሩ እስከ ጫፉ ከዐሥር ሜትር በላይ ሲሆን ማያዎች ካቆሟቸው ሐውልቶች ሁሉ ረጅሙ ነው። ያቆመው ንጉሥ፣ ካክ ቲሊው ቻን ዮፓት፣ በ738 የበላዩ የነበረውን የኮፓንን ንጉሥ ማርኮ የገደለና ትንሿን ከተማውን ነፃ ያወጣ ሰው ነበር። በ1910 ሐውልቱን ያዩ እንግዶች ይህን አያውቁም ነበር፤ ጽሑፉን የሚያነብ አልነበረምና።

የተመራ ጉብኝት

ከ1931 እስከ 1944 የገዛው ጄኔራል ሆርሄ ኡቢኮ ጐብኚ ወዳድ ነበር። በእርሱ ዘመን መንገዶች ወደ ደጋው ተሠሩ፤ እንግዳ በቺቺካስቴናንጎ የሚያርፍበት ደኅና ሆቴል ተከፈተ። እንግሊዛዊው ደራሲ አልዶስ ሐክስሊ በ1933 ኮፓንን፣ ኪሪጓን፣ አንቲጓንና አቲትላንን ጐብኝቶ በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፉ የአቲትላንን ሐይቅ ከኢጣሊያው የኮሞ ሐይቅ ጋር አነጻጽሮ አወደሰ፤ ከዚያም ወዲህ ይህን ንጽጽር የማይደግም የጉዞ መምሪያ ጥቂት ነው። በዚያው በ1934 ግን ሌላ ጽሑፍም ወጥቶ ነበር። እርሱም በቂ መሬት የሌለው ገበሬ በዓመት ከ100 እስከ 150 ቀን ለባለእርሻ እንዲሠራና የሠራበትን ቀን የሚያስመዘግብበት ደብተር ይዞ እንዲዞር የሚያስገድደው የሥራ ፈቶች ሕግ ነው። በገበያው ላይ ጐብኚው ያደነቀው ባለቀለም ልብስ የለበሰ ሰው በኪሱ ይህን ደብተር ይዟል።

በ1944 ኡቢኮ በሕዝብ ተቃውሞ ወደቀ፤ አስገዳጁም ሕግ ተሻረ። በ1952 በፕሬዚዳንት ሐኮቦ አርቤንስ ዘመን የወጣው የመሬት ሕግ ከትልልቅ እርሻዎች ያልታረሰውን ክፍል ለመሬት አልባ ቤተሰቦች ማከፋፈል ሲጀምር የዩናይትድ ፍሩት መሬትም ተነካ። የኩባንያው መልስ በጉብኝት ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። የሕዝብ ግንኙነት ሊቅ የሚባለው ኤድዋርድ በርኔይስ ለኩባንያው ተቀጥሮ የአሜሪካ ጋዜጦችን አዘጋጆችና ጸሐፊዎች በኩባንያው ወጪ በቡድን በቡድን ወደ ጓቴማላ አስጐበኘ። የሚያርፉበት፣ የሚያዩት፣ የሚያነጋግሩት ሰው ሁሉ በቅድሚያ የተሰናዳ ነበር። ጸሐፊዎቹም በዓይናችን አየን ብለው ጻፉ። በዓይናቸው ማየታቸው እውነት ነው፤ ዓይናቸው የት እንዲያርፍ የወሰነው ግን ሌላ ሰው ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ገመድ እንግዳ ተቀባይነት መስሎ ቀረበ። በሰኔ 1954 በአሜሪካ የስለላ ድርጅት የተደራጀ ኀይል አርቤንስን ከሥልጣን አወረደ፤ የተከፋፈለውም መሬት ለቀድሞ ባለቤቶቹ ተመለሰ።

በዚያ ወር በዋና ከተማው የነበረ፣ ከታኅሣሥ 1953 ጀምሮ በእግሩና በለመነው ተሽከርካሪ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ወጣት አርጀንቲናዊ ሐኪምም ነገሩን ሁሉ አይቷል። ስሙ ኤርኔስቶ ጌቫራ ነበር። ማንም ያልመራው ይህ መንገደኛ ከጓቴማላ ይዞት የወጣው ትምህርት የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰነ።

ልብሱ የአደጋ ምልክት የሆነበት ዘመን

በ1951 በቲካል የአውሮፕላን ማረፊያ ተጠረገ፤ በ1955 ቦታው ብሔራዊ መናፈሻ ሆነ፤ ከ1956 ጀምሮ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዐሥር ዓመት በላይ በፈጀ ሥራ ቤተ መቅደሶቹን ከአፈርና ከሥር አላቀቁ። መንግሥት በ1967 የአገር ጐብኚዎችን ጉዳይ የሚመራ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ በ1979 ቲካልና አንቲጓ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በእነዚሁ ዓመታት፣ ከ1960 እስከ 1996፣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች።

በማስታወቂያው ላይ ፈገግ ያለች፣ ዊፒል የሚባለውን የተጠለፈ ቀሚስ የለበሰች የማያ ሴት ትታያለች። ዊፒሉ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱ መንደር ቀለምና ንድፍ የተለየ ስለ ሆነ የሚያውቅ ሰው ልብሱን አይቶ የባለቤቱን አገር ይናገራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሠራዊቱ የኪቼንና የዌዌቴናንጎን መንደሮች ሲያቃጥል ይህ እውቀት የሞት ምክንያት ሆነ። ከስደት የተረፉ ብዙ ሴቶች ከየት እንደ መጡ እንዳይታወቅ ዊፒላቸውን አውልቀው የከተሜ ልብስ ለበሱ። በውጭ አገር የጉዞ ቢሮ ግድግዳ ላይ እንግዳን የሚጠራው ልብስ በአገሩ ውስጥ ለባሹን ለወታደር ያመለክት ነበር። በ1999 ይፋ የሆነው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ የሞቱትና የጠፉት ከ200,000 እንደሚበልጡ ገመተ፤ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች መካከል 83 በመቶ ማያዎች መሆናቸውንና ከ1981 እስከ 1983 በአንዳንድ አካባቢዎች በማያ ሕዝብ ላይ የዘር ማጥፋት ድርጊት መፈጸሙን አረጋገጠ።

ለጐብኚዎች እጅግ ቅርብ በሆነው በአቲትላን ሐይቅ ዳርቻ፣ በሳንቲያጎ አቲትላን ከተማ፣ በታኅሣሥ 1990 ወታደሮች ባዶ እጁን ወደ ሰፈራቸው በሄደው ሕዝብ ላይ ተኩሰው ብዙ ሰው ገደሉ። ሕዝቡ ሙታኑን ቀብሮ ወታደሮቹ ከከተማው እንዲወጡ በአንድ ድምፅ ጠየቀ፤ ወጡም። በ1992 ሪጎቤርታ ሜንቹ የተባለችው የኪቼ ሴት የኖቤልን የሰላም ሽልማት ስትቀበል ዓለም የዊፒሏን ቀለም ብቻ ሳይሆን ድምፅዋንም ሰማ። የሰላሙ ውል በታኅሣሥ 29 ቀን 1996 ተፈረመ።

ድንጋዩ ሲናገር

በዚህ ታሪክ ውስጥ አገሩን ሳያይ ከብዙዎቹ ጐብኚዎች የበለጠ ያየ አንድ ሰው አለ። ዩሪ ክኖሮዞቭ በሌኒንግራድ ተቀምጦ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት የእስጳንያው ጳጳስ ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተዉትን ጽሑፍና የታተሙትን የማያ መጻሕፍት ግልባጮች ይዞ፣ በ1952 የማያ ፊደል ድምፅን የሚወክሉ ቀለማት እንዳሉት የሚያስረዳ ጥናት አወጣ። በመስኩ የበላይነት የነበራቸው ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት አልተቀበሉትም። በ1960 ደግሞ በቶምስክ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ በፔቴን ምዕራብ በሚገኘው በፒዬድራስ ኔግራስ ሐውልቶች ላይ ያሉት ቀኖች የነገሥታት ልደትና ንግሥና መሆናቸውን አሳየች። እስከዚያ ድረስ ጽሑፎቹ የከዋክብትና የጊዜ ስሌት ብቻ ናቸው ይባል ነበር። ከሁለቱ ሥራ በኋላ ድንጋዮቹ ስም፣ ትውልድ፣ ድልና ሽንፈት ያላቸው ሰዎች ታሪክ ሆኑ። የኪሪጓው ንጉሥ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ክኖሮዞቭ ጓቴማላን የረገጠው በ1990 በፕሬዚዳንት ቪኒሲዮ ሴሬሶ ጥሪ ሲሆን ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር። በዚያው ዓመት በአገሪቱ ከ20 የሚበልጡትን የማያ ቋንቋዎች የሚያጠናና የሚጠብቅ አካዳሚ በሕግ ተቋቋመ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የማያ የቋንቋ ባለሙያዎች የአባቶቻቸውን ጽሑፍ ከውጭ ሊቃውንት ጋር እየተቀመጡ ማንበብ ተማሩ። ቋንቋው ስላልሞተ ፊደሉ ሊነበብ ቻለ፤ ሐውልቱ እንዲናገር ያስቻለው በገበያው የሚሰማው ንግግር ነው። ስቲቨንስ በ1841 የጻፈው ፍርድ ማስረጃውን በሙሉ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

በ2018 ይፋ የሆነው ከአውሮፕላን በጨረር የተደረገ የመሬት ልኬት በፔቴን ጫካ ሥር ከ60,000 የሚበልጡ የማይታወቁ ሕንጻዎች መኖራቸውን ገለጸ። ጐብኚ የሚያያቸው ነገሮች ወደ ፊት ይበዛሉ እንጂ አይጐድሉም ማለት ነው። የወራሹ ጥያቄ ግን ዛሬም በድንጋዩ ዙሪያ ብቻ አይደለም የሚነሣው። ከ2016 ጀምሮ የማያ ሸማኔ ሴቶች የጨርቃቸው ንድፍ የየማኅበረሰባቸው የጋራ ንብረት ሆኖ በሕግ እንዲጠበቅላቸው በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ክርክር ገጥመዋል። ንድፋቸው በፋብሪካ ተገልብጦ ለጐብኚ ሲሸጥ ለእነርሱ የሚደርሳቸው እንደሌለ፣ ሥዕላቸውም ሳይጠየቁ በማስታወቂያ ላይ እንደሚውል አስረድተዋል። አንዲት ሴት የሽመናውን ማሰሪያ በወገቧ አስራ፣ ሌላውን ጫፍ በምሰሶ ላይ አስራ፣ አንዱን ዊፒል ለመፈጸም ወራት ይፈጅባታል። የቲካልን ጉበን የነቀለው እንግዳ ባለቤት የለውም ብሎ ነበር የነቀለው፤ ሸማኔዎቹ በፍርድ ቤት የሚናገሩት ባለቤት እንዳለው ነው።

ጓቴማላን መጐብኘት በራሱ ነቀፋ የለበትም። ለብዙ የደጋ መንደሮች የእንግዳው ገንዘብ የኑሮ ድጋፍ ነው። ከጌጅ እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ የሚያስተምረው ግን እንግዳው ዓይኑን ማን እንደሚመራው መጠየቅ እንደሚገባው ነው። በቲካል አደባባይ ዛሬም የማያ የቀን ቈጣሪዎች እጣን አጢሰው፣ ሻማ አብርተው ጸሎት ያደርሳሉ። ለአንዳንዱ ጐብኚ ይህ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ትርኢት ነው፤ ለሚጸልዩት ግን አባቶቻቸው በሠሩት ቤት የሚደረግ የዕለት ሥራ ነው።